የፋሲል ግቢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፋሲል ግንብ ምሽግ ነው ወይስ መኖሪያ ቤት?

መኖሪያ ቤት ነው፤ ነገር ግን ራሱን እንዲከላከል ተደርጎ የታነፀ መኖሪያ ቤት ነው። ሕዝቡ ለቦታው ያወጣቸው ሁለት ስሞች ጉዳዩን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ይገልጹታል። «የፋሲል ግንብ» ሲባል ድንጋዩና ኖራው፣ ማለትም ሕንፃው ነው፤ «የፋሲል ግቢ» ሲባል ግን ቅጥሩ ከነቤቶቹ፣ ከነአዳራሾቹና ከነበሮቹ ነው። ግቢ ደግሞ የሚኖሩበት ስፍራ እንጂ የሚዋጉበት ስፍራ አይደለም።

ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ዋናው ሕንፃ በአራቱም ማዕዘን ክብ ማማዎች አሉት፤ የማማዎቹ አናት የእንቁላል ቅርፅ ባለው ጉልላት ተደፍኗል። በጣሪያው ዙሪያ ደግሞ ጥርስ ጥርስ ያለው መከታ ይዞራል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ምሽግ ነው ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ያው ሕንፃ ሰፋፊ መስኮቶችና ወደ ውጭ የወጡ የእንጨት ሰገነቶች አሉት፤ የመድፍ ከበባን አስቦ የሚያስገነባ ንጉሥ ይህን ያህል ቀዳዳ በግድግዳው ላይ አይከፍትም። ምድር ቤቱ እንግዳ መቀበያና የግብር (የግብዣ) አዳራሽ ነበር፤ ከላይ ያሉት ክፍሎች የንጉሡ የግል ክፍሎች ነበሩ፤ ጠፍጣፋው ጣሪያ ለጸሎትና ለአደባባይ ንግግር ይውል ነበር። ከጣሪያው በላይ ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነ አንድ ግንብ ብቻውን ይነሳል። የሕንፃው ከፍታ ወደ 32 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል፤ ሰማዩ በጠራበት ቀን ከዚያ ላይ ሆኖ ጣናን ማየት ይቻላል። መከላከያው የታሰበው ለሽፍታ፣ ለአመፅና ለድንገተኛ ወረራ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ለዚህም ቢሆን ከማማዎቹ ይልቅ ይጠቅም የነበረው በዙሪያው ያለው 900 ሜትር ያህል የሚረዝመው ቅጥር ነው።

የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ማለት ይቻላል?

መልሱ በየትኛው የዘመን አከፋፈል እንደምንሄድ ይወሰናል። የጎንደር ምሥረታ ብዙ ጊዜ በ1636 ይቆጠራል፤ በአውሮፓ አከፋፈል ያ ወቅት የመካከለኛው ዘመን ካለፈ ቆይቷል። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ግን የጎንደርን ዘመን ከመካከለኛው ዘመን ጋር አያይዘው ያቀርቡታል። ከዘመኑ ስም ይልቅ የሚያከራክረው ቅደም ተከተሉ ነው። እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ በተለምዶ የዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ነው ይባላል። ያ እውነት ከሆነ፣ ክብ ማማ ያለው የድንጋይ ቤት በአካባቢው የተጀመረው ከጎንደር በፊት ነው ማለት ነው።

ዐፄ ፋሲል ለምን አንድ ቦታ ለመቀመጥ ወሰኑ?

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ዛሬ «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ መክተምን፣ ጦር አስፍሮ መቀመጥን ያስታውሳል። የንጉሡ ሰፈር ትልቅ ስለነበር ያረፈበትን አገር እህልና ማገዶ በአጭር ጊዜ ይጨርስና መነሳት ግድ ይሆን ነበር። ዐፄ ፋሲል (1632–1667) ዙፋኑን የወረሱት አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው ከተቀሰቀሰው ደም አፋሳሽ ግጭት በኋላ ነው። ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም በፖርቹጋል ድጋፍ የመጡትን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ አስወጥተው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን እምነት ወደ ቦታው የመለሱ ንጉሥ አገሩ እንደተረጋጋ በዓይን የሚታይ ምልክት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ከማይነቀል የድንጋይ ቤት የተሻለ አይገኝም። ጎንደር ደጋና ቆላውን፣ የጣናን አካባቢና ወደ ሱዳንና ወደ ቀይ ባሕር የሚወስዱትን የንግድ መንገዶች የምታገናኝ መሆኗም አግዟል።

አፈ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ጎሽ ሲያሳድዱ ወደ ቦታው እንደደረሱና የመናገሻቸው ስም በ«ጎ» እንደሚጀምር ትንቢት እንደነበረ ይተረካል። ሽማግሌዎች ጎርጎራንና ጉዛራን እየጠሩ «እነዚያ ቀርበው ነበር፣ ግን አልሆኑም» ሲሉ መስማት ደስ ይላል፤ ታሪክ አድርጎ መውሰድ ግን አይገባም።

ግንቡን የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ነው፤ መልሱም «አይደሉም» የሚል ነው። ኢየሱሳውያኑ ከአገር የተባረሩት በ1630ዎቹ መጀመሪያ፣ በዐፄ ፋሲል ትእዛዝ ነው። ንጉሡ ያባረሩትን ሰው ቤቴን ሥራልኝ ብለው ይጠሩታል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በ1648 ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን በድንጋይና በኖራ የታነፀ ታላቅ ሕንፃ አድርጎ ሲገልጸው፣ ዋናውን ግንበኛ ሕንዳዊ ነው ብሎ ጽፏል። ምስክርነቱ ሕንፃው በተሠራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተጻፈና አውሮፓን ለማሞገስ ምክንያት ከሌለው ሰው የመጣ በመሆኑ ክብደት ልንሰጠው ይገባል።

ይህ ማለት የውጭ ተጽዕኖ የለም ማለት አይደለም። በኖራ የመገንባት ልምድ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያኑ ሥራዎች ጋር መስፋፋቱ የታወቀ ነው። ዩኔስኮም ስለ ቅርሱ ሲያትት የሕንድና የዐረብ ተጽዕኖን፣ ኋላም ባሮክ የተባለውን ያጌጠ የአውሮፓ የሕንፃ ስልት አብሮ ያነሳል። ነገር ግን ዋና ግንበኛው ሕንዳዊ ቢሆን እንኳ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ኖራውን ያቃጠለውና ግድግዳውን ያነሳው የአገሬው እጅ ነው።

ከእነዚህ እጆች መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አንጥረኞችና አናጢዎች ይገኙበታል። በጎንደር ዘመን በሙያቸው ለቤተ መንግሥቱ ያገለገሉ ባለሙያዎች መሬትና ማዕረግ ያገኙ ነበር። በአስጎብኚ ንግግር ውስጥ የፖርቹጋል ስም አሥር ጊዜ ተነስቶ የእነርሱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሳ መቅረቱ ትልቅ ጉድለት ነው። ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ጎንደርን ሲጎበኙ በግቢው ግድግዳ ውስጥ የራሳቸውም ድርሻ እንዳለ ሊነገራቸው ይገባል።

ግቢው ውስጥ ያለው አንድ ሕንፃ ብቻ ነው?

አይደለም። ከዐፄ ፋሲል በኋላ የነገሡት አብዛኞቹ የአባታቸውን ቤት ከመውረስ ይልቅ የየራሳቸውን ጨምረዋል፤ ስለዚህ ግቢው 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ላይ የአንድ መቶ ዓመት ያህል የቤተሰብ ታሪክ በድንጋይ ተዘርግቶ የሚነበብበት ስፍራ ሆኗል። ጻድቁ ዮሐንስ (1667–1682) ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት አሠሩ። ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ (1682–1706) በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር የሚነገርለትን ቤተ መንግሥት አቆሙ፤ ዛሬ ጣሪያው የለም፤ ግድግዳው ግን አሁንም ግርማ አለው። ሣልሳዊ ዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ ዐፄ በካፋ (1721–1730) ደግሞ ሰፊ የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጣ ጨመሩ። የዐፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ በግቢው ውስጥ የራሳቸውን ግንብ ካሠሩ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ በቁስቋም ሌላ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አስገንብተዋል። የአንበሶች ማቆያም በግቢው ይታያል።

ብዙ ጎብኚ የፋሲልን ግንብ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ እስከ 2013 ዓ.ም. መግቢያ በነበረው የ50 ብር ኖት ላይ ያየው እሱን ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የሥነ ሕንፃውን ለውጥ ማየት የሚፈልግ ግን ከፋሲል ጀምሮ እስከ ምንትዋብ በዘመን ቅደም ተከተል ቢሄድ ይሻለዋል።

አሥራ ሁለቱ በሮች ለምን የተለያየ ስም አላቸው?

እያንዳንዱ በር የሚገባበትን ሰው ወይም የሚገባበትን ጉዳይ ስለሚናገር ነው። ወንበር በር የፈራጆች ነው፤ «ወንበር» የተባለው የዳኝነት መቀመጫ ነው። ተዝካሮ በር ከሙታን መታሰቢያ ጋር፣ እምቢልታ በር ከመለከትና ከእምቢልታ ነፊዎች ጋር፣ ባልደራስ በር ከፈረሰኞች አለቃ ጋር፣ አደናግር በር ከፈታዮች ጋር፣ ቋሊ በር ከንግሥቲቱ አገልጋዮች ጋር ይያያዛል። ግምጃ ቤት በር ወደ ግምጃ ቤት ማርያም ያወጣል። አዛዥ ጥቁሬ በርና እንኮዬ በር በሰው ስም ተጠርተዋል። እልፍኝ በርና ርግብ በርም አሉ። ዋናው ፊት በር ሲሆን ጃንተከል በር እየተባለም ይጠራል፤ ከፊቱ ያለው አደባባይና የጃንተከል ዋርካ ዛሬም የከተማው መሰብሰቢያ ነው።

እነዚህን ስሞች በተርታ ሲያነቡ የመንግሥቱን አሠራር የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያነበቡ ያህል ነው፤ ባለጉዳዩ በየትኛው በር መቆም እንዳለበት ካወቀ ማን እንደሚያየው ያውቃል። አንዳንዶቹ በሮች ከቅጥሩ ውጭ ካሉ ስፍራዎች ጋር በድልድይ ይገናኙ ነበር፤ ድልድዮቹ በጦርነት ጠፍተዋል።

ግቢው እንዲህ የተጎዳው በምንድን ነው?

በአንድ ምክንያት አይደለም። በ1704 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ የኢያሱን ቤተ መንግሥት ጎድቷል። በዘመነ መሳፍንት የንጉሡ ሥልጣን ስም ብቻ ሲቀር ለጥገና የሚወጣ ገንዘብም፣ የሚያዝ ሰውም አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸውን ወደ ደብረ ታቦር ካዞሩ በኋላ በ1866 ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ በ1888 ደግሞ የድርቡሽ ጦር ገብቶ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አነደደ። በወረራው ዘመን የጣሊያን ጦር በግቢው ስለሠፈረ፣ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማውን ሲደበድቡ ሕንፃዎቹም የቦምብ ዒላማ ሆኑ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋናው ግንብ ጣሪያውን ይዞ መቆሙ የሚደንቅ ነው።

የዕለት ተዕለቱ ጠላት ግን ውኃ ነው። የጎንደር ክረምት ብርቱ ነው፤ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ የተኛ ዝናብ በአሸንዳው ካልወጣ በግድግዳው ውስጥ መንገድ ያበጃል። በድንጋዮቹ መካከል ትንሽ አፈር ካገኘ የሾላ ፍሬ ይበቅላል፣ ሥሩም ዓመት በዓመት እየወፈረ ድንጋዩን ይገፋዋል።

ለጥገናው ሲሚንቶ ቢጠቀሙ ምን ችግር አለው? ከኖራ ይበረታል እኮ።

ችግሩ መበርታቱ ነው። ግድግዳው ሥር ቀረብ ብለው በድንጋዮቹ መካከል ያለውን መገጣጠሚያ በጣትዎ ዳሰስ ቢያደርጉት፣ የድሮው ኖራ ጣትዎ ላይ ነጭ ዱቄት ሊተው ይችላል፤ ሲሚንቶ የገባበት ቦታ ግን ግራጫ፣ ልሙጥና ቀዝቃዛ ነው፤ ጣትዎ ላይ የሚተወው ነገርም የለም። (አንድ ጊዜ መዳሰስ ይበቃል፤ መፋቅ ግን ጥፋት ነው።) ኖራ ከድንጋዩ የለሰለሰና ትንፋሽ ያለው ነው። ግድግዳው በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ በኖራው መገጣጠሚያ በኩል ያስወጣል፤ ሕንፃው ጥቂት ሲንቀሳቀስም ኖራው ይሸከመዋል፤ ቢሰነጠቅ የሚሰነጠቀው እርሱ ነው፤ ያንን መሙላት ደግሞ ቀላል ነው። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይደፍናል። ውኃው በሲሚንቶው በኩል ማለፍ ሲያቅተው በድንጋዩ ገላ ይወጣል፣ የያዘውንም ጨው እዚያው ይተዋል፤ ከዓመታት በኋላ መገጣጠሚያው እንደቆመ ድንጋዩ ተልጦና ተቦርቡሮ ይገኛል። ድንጋይ ደግሞ እንደ ኖራ የሚሞላ ነገር አይደለም።

ይህ በፋሲል ግቢ በተግባር የታየ ነው። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ባደረጉት ጥገና ሲሚንቶና ብረት ያለው ኮንክሪት ገብቶ ነበር፤ በኋላ የተካሄዱት የጥገና ሥራዎች ያንን እያወጡ በኖራ የመተካት ሥራ ናቸው። የኖራው ዝግጅት ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ድንጋዩ በእቶን ይቃጠላል፣ በውኃ ይበርዳል፣ በጉድጓድ ውስጥ ይቆያል፣ ከአሸዋ ጋር ይለወሳል፣ ግድግዳው ላይ ከገባ በኋላም የሚጠነክረው ከአየሩ ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ነው። በሦስት ቀን የሚደርቅ ነገር የለመደ ሥራ ተቋራጭ ይህን አይወድም፤ ቅርስ ጥገና ላይ «ቶሎ ጨርስ» የሚል ውል አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ የተከናወነ ጥገና ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሰፊ የእድሳት ሥራ ተካሂዷል። ስለ አዲሱ እድሳት የሚነሳው ክርክር አብዛኛው ስለ መልኩ ነው፤ «ጸድቷል፣ አምሯል» የሚልም፣ «የዕድሜ ጠባሳው ጠፋ» የሚልም አለ። እኔ ከመልኩ በፊት የምጠይቀው የአሸንዳውን ነገር ነው፤ የክረምቱ ውኃ ዛሬ በየት በኩል እንደሚወርድ ያላየ ሰው ስለ እድሳቱ ጥሩነት መናገር አይችልም።

በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መቼ ነው? የተመዘገበውስ ግቢው ብቻ ነው?

በ1979 ነው። ምዝገባው ከግቢው ሌላ የፋሲል መዋኛን፣ ቁስቋምንና ጉዛራን ጨምሮ በጎንደርና በአካባቢው ያሉ ተያያዥ ቅርሶችን ያጠቃልላል።

በአገር ውስጥ ሕግስ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

መሠረቱ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ የባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያ ባለሥልጣን ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል። ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለትልልቅ ሥራዎች ብቻ አይደለም። በቅን ልቦና የተነሳ ሰው «ይህችን ስንጥቅ ልድፈናት» ብሎ ሲሚንቶ ቢለጥፍ ከላይ የተነገረውን ጉዳት ያመጣል፤ ሕጉ ቅንነቱን አይቶ አያልፈውም። ከግቢው ቅጥር አጠገብ ቦታ ያላቸው ነዋሪዎችም ከመገንባታቸው በፊት ቅርሱን ከሚያስተዳድረው አካል ጋር መነጋገር አለባቸው፤ የጎንደር ግንብ ያለው በበረሃ ሳይሆን ሰው በሚኖርበት ከተማ መካከል ነው፣ የሰውም የቅርሱም ችግር የሚነሳው ከዚሁ ነው።

የጥምቀት በዓል የሚከበረው በግቢው ውስጥ ነው?

በግቢው ውስጥ አይደለም። ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀሃ ወንዝ አጠገብ በሚገኘው የፋሲል መዋኛ ነው። ገንዳው ከወንዙ በቦይ በሚመጣ ውኃ ከበዓሉ አስቀድሞ ይሞላል፤ ጥር 11 ቀን ካህናቱ ከባረኩት በኋላ ምእመኑ ይጠመቅበታል። የቦታውን ቅጥር ያረጁ ዛፎች ሥር እንደ ጣት ይዞታል። ሥሩ ድንጋዩን ይገፋል፤ ያው ሥር ግን ግድግዳውን አቅፎ ይዞታል፤ ቢቆረጥ ግድግዳው አብሮት ሊወርድ ይችላል። ባለሙያዎች ዛፎቹ ላይ መጋዝ ለማንሳት የሚያመነቱት ለውበታቸው ብቻ ብለው አይደለም።

ለመጎብኘት የሚሻለው ወቅት የትኛው ነው?

ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ መስኩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል። በጥምቀት ሰሞን ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ከመነሳት በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ማጣራት ግዴታ ነው። ግንቡን ለማየት ማለዳ ወይም ከሰዓት በኋላ መሸት ሲል ይግቡ፤ ጥቁርና ቡናማ ድንጋዩ ከመስኮቶቹ ቀይ ቅስት ጋር ያለው ልዩነት በእኩለ ቀን ብርሃን አይታይም። የውስጡ ደረጃዎች ያልተስተካከሉ ስለሆኑ አዛውንት የያዘ ሰው ድጋፍ ያስብ።

ጎንደር ውስጥ ቤት ለመሥራት መሠረት ስቆፍር የድሮ ግድግዳ ባገኝስ?

ቁፋሮውን እዚያው ያቁሙ፤ ድንጋዩንም አያንሱ። በሕጉ መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስን ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ በቅርብ ያለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገዱን ያሳይዎታል። ድንጋዩ ወጥቶ ለአጥር ከዋለ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ሊያነበው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ አብሮት የነበረው አፈርና የኖራው ቀለም ከድንጋዩ እኩል ይናገራሉ። ባለሙያው እስኪደርስ ፎቶ ያንሱ፣ ጉድጓዱን በሸራ ይሸፍኑ፣ ክረምት ከሆነም ውኃ እንዳይገባበት በዙሪያው ቦይ ያውጡ።